የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ብዙ ባር በጠባብ ቀዳዳ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ ከአንድ የናፍጣ ፓምፕ ጥገና ቤትና ከአንድ የጋዝ መጋዘን የደረሱን ናቸው። ጉዳያቸው አንድ ነው፦ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ፈሳሽ ወይም ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ በኮምፒውተር እንዴት ይሰላል፣ ስሌቱስ ከእውነቱ ጋር ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ሥራዬ የናፍጣ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ክፍል) አንድ ቀዳዳ ኦፕንፎም በተባለው የፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር እያሰላሁ ነው። የሬሉ (ናፍጣውን ለኢንጀክተሩ የሚያቀርበው ቧንቧ) ግፊት 1,500 ባር፣ የሲሊንደሩ ግፊት 50 ባር፣ የቀዳዳው ዲያሜትር 0.14 ሚሊ ሜትር ነው። ሲምፕልፎም የተባለው የኦፕንፎም ሶልቨር (ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም) በሰከንድ 17,000 ሜትር ፍጥነት ሰጠኝ። ሜሹን (ቦታው የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ሴሎች) አደቀቅኩት፣ የተርቡለንስ (የፍሰት መናወጥ) ሞዴሉን ቀየርኩት፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» (የማስተርስ ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሜሹም ሞዴሉም አልበደሉዎትም፤ የተሳሳተው የግፊቱ መለኪያ ነው። ሲምፕልፎም «ዴንሲቲው አይለወጥም» ብሎ የሚነሳ ሶልቨር ስለሆነ፣ ግፊትን የሚቀበለው ለዴንሲቲ ተካፍሎ ነው። ናፍጣ በኪዩቢክ ሜትር 830 ኪሎ ግራም ነው ካልን፣ መግቢያው ላይ የሚጻፈው 150,000,000 ሳይሆን 180,700 ያህል፣ መውጫው ላይ ደግሞ 5,000,000 ሳይሆን 6,020 ያህል ነው። ፓስካሉን እንዳለ ካስገቡት ፍጥነቱ በ830 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ28.8 እጥፍ ያብጣል። 17,000ን ለ28.8 ያካፍሉት፤ 590 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ትክክለኛውም እሱ ነው።

590 የሚገኘው ከግማሽ ገጽ የእጅ ስሌት ነው። የግፊቱን ልዩነት፣ 145 ሚሊዮን ፓስካል፣ በ2 ያባዙ፤ ለ830 ያካፍሉ፤ ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ። የቀዳዳው ስፋት 0.0154 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ፍጥነቱን በስፋቱና በዴንሲቲው ሲያባዙት በሰከንድ 7.55 ግራም ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው። እውነተኛ ቀዳዳ እንደ አሠራሩ ከዚህ ከ60 እስከ 86 በመቶውን፣ ማለትም ከ4.5 እስከ 6.5 ግራም ያሳልፋል። ሶልቨሩ 9 ግራም ካለዎት ምንም ያህል ያማረ ሥዕል ቢያወጣ አይመኑት። ይህ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሳይኖር ሶፍትዌር መክፈት ጊዜ ማባከን ነው ባዮች ነን።

አብሮ የሚመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። ሥዕሉ በሚሊ ሜትር ተሠርቶ ኦፕንፎም በሜትር ካነበበው፣ ቀዳዳዎ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አይደርስበትም፤ ፍጥነት የሚወሰነው በግፊት ስለሆነ ያው 590 ነው። የሚያጋልጠው የፍሰቱ መጠን ነው፤ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። ቼክሜሽ የተባለውን የኦፕንፎም መፈተሻ አስነስተው የሚያትመውን የጠቅላላ ሥዕል ልክ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መግቢያው ላይ ፍጥነት አይስጡ፤ ቶታል ፕሬሸር (ከፍጥነቱ የሚመጣው ግፊት የተደመረበትን ጠቅላላ ግፊት) ይስጡ። ፍጥነት ከሰጡ የሚፈልጉትን መልስ ራስዎ እየነገሩት ነው። መውጫውንም የቀዳዳው ከንፈር ላይ አያስቀምጡ። ከቀዳዳው በኋላ ቢያንስ የዲያሜትሩን 20 እጥፍ ርዝመት ያለው ክፍል ይቀጥሉና 50 ባሩን እዚያ መጨረሻ ላይ ያስሩት። ከንፈሩ ላይ የታሰረ ግፊት ፍሰቱ ውስጥ የሚፈጠረውን ሁሉ ያፍነዋል።

ጥያቄ፦ «የእኔ ስሌት በመግቢያው ጠርዝ አካባቢ ግፊቱን ከዜሮ በታች በመቶዎች የሚቆጠር ባር ያወርደዋል። ኔጌቲቭ ግፊት አለ እንዴ? ሜሹን ባደቀቅኩ ቁጥር ይብስበታል።» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሶልቨሩ ሊነግርዎት የፈለገው ነገር አለ፦ እዚያ ቦታ ናፍጣው ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም። ፈሳሹ ስለታማውን ጠርዝ ታጥፎ መግባት ስለማይችል ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ማለፊያው ይጠባል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወድቃል። በተጨባጩ ቀዳዳ ውስጥ ግፊቱ የናፍጣው የእንፋሎት ግፊት ላይ ሲደርስ ፈሳሹ ይተናል፤ ካቪቴሽን የምንለው ይህንኑ ነው። የእርስዎ ሶልቨር አንድ ፈሳሽ ብቻ ስለሚያውቅ መትነን አይችልም፤ ስለዚህ ግፊቱን ወደ ታች ማውረዱን ይቀጥላል። ሜሹ ሲደቅቅ ጠርዙ ይበልጥ ስለታም ሆኖ ስለሚታየው ነው የሚብስበት።

ሁለት መንገድ አለ። ኢንተርፌዝቼንጅፎም የተባለው ሶልቨር ፈሳሽና እንፋሎትን ለይቶ ይይዛል፤ የአረፋን እድገት ከሚያሰላው ከሽኔር-ሳወር ሞዴል ጋር ለፍሰት መጠን ይበቃል። የግፊት ሞገድና የእንፋሎቱ መርገብገብ የጥናትዎ ጉዳይ ከሆነ ግን ካቪቴቲንግፎም ይሻላል፤ ፈሳሹም እንፋሎቱም በግፊት እንደሚጨመቁ ይቆጥራል። አብሮት የሚመጣው «ትሮትል» የተባለው ምሳሌ ከእርስዎ ቀዳዳ ጋር ቅርብ ስለሆነ ከባዶ አይጀምሩ፤ ከእሱ ይነሱ።

በሽኔር-ሳወር ውስጥ ከኢንተርፌዝቼንጅፎም ምሳሌ ጋር የሚመጣው የአረፋ ዘር ብዛት በኪዩቢክ ሜትር 16 ትሪሊዮን፣ የዘሩም ዲያሜትር 2 ማይክሮን ነው፤ ለጅምር አይንኩት። ብዙ ተማሪ የሚጨነቅበት ሌላው ነገር የእንፋሎት ግፊቱ ነው። ምሳሌው የውሃን 2,300 ፓስካል ይዞ ይመጣል፤ ለናፍጣ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት 900 ገደማ ነው። ያስተካክሉት፤ ግን ከ150 ሚሊዮን ፓስካል አጠገብ ልዩነቱ በውጤቱ ላይ አይታይም፤ እንቅልፍ አይጡበት።

ስሌቱ ልክ መሆኑን የሚፈትሹበት ቀላል መንገድ ይኸው፦ የመግቢያውን ግፊት ሳይነኩ የሲሊንደሩን ከ50 ወደ 20 ባር ያውርዱት። በተሟላ ካቪቴሽን ውስጥ የፍሰቱ መጠን የሚታሰበው በመግቢያው ግፊትና በእንፋሎቱ ግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ ከበስተኋላ ያለው ግፊት ሚና የለውም። ፍሰቱ ባለበት ከቆመ ጥሩ ነው። ከጨመረ ወይ ካቪቴሽኑ እስከ መውጫው አልደረሰም፣ ወይ ሞዴሉ እየሠራ አይደለም።

ጥያቄ፦ «በተለካው ፍሰትና በእኔ ስሌት መካከል 20 በመቶ ልዩነት አለ፤ የእኔ ያንሳል። ኬ-ኤፕሲሎን፣ ኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ፣ ሁሉንም የተርቡለንስ ሞዴል ሞከርኩ። ወደ ኤልኢኤስ (ትላልቆቹን ሽክርክሪቶች በቀጥታ ወደሚያሰላው ከባድ ዘዴ) ልሂድ?» (የዶክትሬት ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሂዱ፤ መጀመሪያ የመግቢያውን ጠርዝ ይለኩ። ዘንድሮ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ዋናው ይመስለናል።

ለካቪቴሽን ቀዳዳ ኑሪክ በ1976 ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል። ጠርዙ ፍጹም ስለታም ሲሆን ፈሳሹ የሚያልፈው በቀዳዳው ስፋት 62 በመቶ ብቻ ነው። ጠርዙ ከተሞረደ ይህ ቁጥር ይጨምራል። አሰላሉ እንዲህ ነው፦ 1ን ለ0.62 ስኩዌር ያካፍሉ፤ 2.60 ይሆናል። ከዚያ የጠርዙን ራዲየስ ለቀዳዳው ዲያሜትር አካፍለው በ11.4 ያባዙና ከ2.60 ይቀንሱ። የቀረውን ስኩዌር ሩት ወስደው 1ን ለእሱ ያካፍሉ።

በ140 ማይክሮን ቀዳዳ ላይ እንሥራው። የጠርዙ ራዲየስ 1 ማይክሮን ከሆነ ውጤቱ 0.63 ነው፤ ስለታም ከሆነው አይለይም ማለት ይቻላል። 5 ማይክሮን ሲሆን 0.675፣ 10 ማይክሮን ሲሆን 0.75 ይሆናል። 20 ማይክሮን ሲደርስ ቀመሩ ራሱ ከ1 ያልፋል፤ ማለትም ፍሰቱ ከግድግዳው መላቀቁን ስላቆመ ቀመሩ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። ወደ ግራም እንመልሰው፦ በስለታም ጠርዝ 4.76 ግራም በሰከንድ፣ በ10 ማይክሮን ጠርዝ 5.74። እርስዎ ያጡት 20 በመቶ እዚህ አለ። አስር ማይክሮን ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ ያነሰ ነው፤ በካድ ሥዕልዎ ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን አድርገው ያለፉት ያንን ነው።

ይህ ራዲየስ በካታሎግ ላይ የማይገኝበት ምክንያት አለው። አምራቾች ቀዳዳውን ከበሱ በኋላ የሚፍቅ ዱቄት ያለበት ፈሳሽ በግፊት ያሳልፉበትና ጠርዙን ይሞርዱታል፤ ሥራውን የሚያቆሙት ግን የታለመው ፍሰት ሲመጣ ነው። የሚቆጣጠሩት ፍሰቱን እንጂ ራዲየሱን አይደለም። የቀዳዳው መጥበብም እንዲሁ ነው፦ ኬ-ፋክተር (የመጥበቡ መለኪያ) 1.5 ከተባለ መግቢያው ከመውጫው በ15 ማይክሮን ይሰፋል።

እንዴት ይለካል? መርፌውን (ቀዳዳዎቹን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) አውጥተው ኖዝሉን (ቀዳዳዎቹ ያሉበትን የኢንጀክተሩን ጫፍ) በደንብ ካጠቡና ካደረቁ በኋላ ቀጭን ፈሳሽ ሲሊኮን በውስጥ በኩል ይሙሉ፤ በቀዳዳዎቹ ጫፍ ብቅ እስኪል ይግፉት። ሲደርቅ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡት። ቀዳዳዎቹ እንደ እሾህ ሆነው ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ሥሩ ላይ ይበጠሳል፣ ስለዚህ ከአንድ ኖዝል ሁለት ሦስት ቅጂ ማውጣት ያስፈልጋል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካዩት የጠርዙ ክብ ይለካል። በተለመደው ማይክሮስኮፕ ከውጭ ማየት የሚነግርዎት የመውጫውን ዲያሜትር ብቻ ነው፤ ችግሩ ያለው ግን መግቢያው ላይ ነው።

የሚለኩበት መሣሪያ ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። ኢሲኤን በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የኢንጂን ኮምበስሽን ኔትወርክ የኖዝሎቹን የተለካ ቅርጽ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። «ስፕሬይ ኤ» ባለ አንድ ቀዳዳ ነው፤ ስመ ዲያሜትሩ 90 ማይክሮን፣ ፈሳሹ ኤን-ዶዴኬን፣ ግፊቱ 1,500 ባር። የተሞረደና እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ ካቪቴሽን የለበትም ማለት ይቻላል፤ የፍሰት ኮፊሸንቱ (ከጣሪያው ፍሰት የሚያሳልፈው ድርሻ) 0.86 ነው። «ስፕሬይ ሲ» እና «ስፕሬይ ዲ» ደግሞ ሆን ተብለው ለንጽጽር የተሠሩ ናቸው፦ አንደኛው 200 ማይክሮን፣ ቀጥ ያለ፣ ካቪቴሽን የሚያበዛ፤ ሁለተኛው 186 ማይክሮን፣ የተሞረደና የጠበበ። የሁለቱ ስመ ፍሰት ተመሳሳይ ነው። ሞዴልዎ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ካወጣ የራስዎን ኖዝል በእሱ ማስላት ይችላሉ። ካላወጣ ኤልኢኤስ አያድንዎትም።

ጠርዙ ተስተካክሎ ከአምስት በመቶ ያልበለጠ ልዩነት ከቀረ ቀጥሎ የሚነካው የፈሳሹ ባሕርይ ነው። ናፍጣ በ1,500 ባር ላይ ዴንሲቲው ከ6 እስከ 8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ቪስኮሲቲውም ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ግድግዳው አጠገብ ደግሞ በሰበቃ ይሞቃል። 145 ሚሊዮን ፓስካል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 87 ዲግሪ ያህል ነው፤ ያ ላይኛው ወሰኑ ነው። ግፊቱ ሲላላ የሚመጣው መቀዝቀዝ መሐሉን በተቃራኒው ይጎትተዋል።

ጥያቄ፦ «ያለኝ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ነው። ስንት ሴል? ስንት ታይም ስቴፕ (የስሌቱ የጊዜ እርምጃ)? አንድ ሙሉ የመርጨት ጊዜ፣ 2 ሚሊ ሰከንድ፣ ማስላት አለብኝ?» (ከጅማ)

መልስ፦ የለብዎትም። ናፍጣው 1 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ቀዳዳ የሚያቋርጠው በ1.7 ማይክሮ ሰከንድ ነው። መርፌው ሙሉ ተነስቶ የቆመበትን ሁኔታ ከፈለጉ አሥር እጥፉን፣ 20 ማይክሮ ሰከንድ ያህል፣ ቢያሰሉ ፍሰቱ ይረጋል። በ2 ማይክሮን ሴልና በ590 ሜትር ፍጥነት ኩራንት ቁጥሩ (ፍሰቱ በአንድ ስቴፕ የሚያልፈው የሴል ብዛት) ከ1 እንዳይበልጥ ታይም ስቴፑ 3.4 ናኖ ሰከንድ መሆን አለበት። ለ20 ማይክሮ ሰከንድ 6,000 ስቴፕ ገደማ፣ ለ2 ሚሊ ሰከንድ ግን ወደ 590,000 ይሆናል። በካቪቴቲንግፎም ደግሞ የድምፅ ፍጥነትም ስለሚገባበት ስቴፑ ወደ 1 ናኖ ሰከንድ ይወርዳል።

ቀዳዳው ክብና ቀጥ ያለ ከሆነ 5 ዲግሪ ቁራሽ ብቻ ይሥሩ፤ ከ30 እስከ 60 ሺህ ሴል ይበቃል፣ ላፕቶፑም ይችለዋል። ባለ ስድስት ቀዳዳ ኖዝል ከሆነ 60 ዲግሪውን ይቁረጡ፤ ያኔ ግን ሴሉ ሚሊዮን ያልፋልና የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ይፈልጉ።

ግድግዳው ላይ «ዋይ ፕላስ (የመጀመሪያው ሴል ከግድግዳው ያለው ርቀት መለኪያ) 1 ይሁን» የሚለውን ምክር እዚህ በጭፍን አይከተሉ። በዚህ ፍጥነት ዋይ ፕላስ 1 ማለት 0.09 ማይክሮን ነው፤ ከግድግዳው ሸካራነት ሊያንስ ይችላል። ዋይ ፕላስ 30 ደግሞ 2.8 ማይክሮን ገደማ ነው። ዎል ፈንክሽን (ግድግዳው አጠገብ ያለውን ፍሰት በቀመር የሚተካ ዘዴ) ይጠቀሙና ሁለተኛውን ይያዙ። የተረፈዎትን ሴል ጠርዙ ላይ ያፍሱት፤ ክቡ ላይ ቢያንስ ስምንት ሴል ይኑር።

ስሌቱ በመጀመሪያዎቹ ስቴፖች ከፈነዳ፣ 1,500 ባሩን በአንድ ጊዜ ስለለቀቁት ነው። ከ100 ባር ይነሱና በ5 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብለው ያሳድጉት፤ እስኪረጋ ድረስም ፈርስት ኦርደር አፕዊንድ (ሻካራ ግን የተረጋጋ የስሌት ዘዴ) ይጠቀሙ፣ በኋላ ወደ ሰከንድ ኦርደር ይለፉ። በአፕዊንድ የተጨረሰ ስሌት ግን ለወረቀት አይሆንም።

ጥያቄ፦ «የናፍጣ ፓምፕና ኖዝል እንጠግናለን። የተደፈነ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ እንወጋለን። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ኮምፒውተር ሊያሳየን ይችላል?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይችላል፤ ግን ሚዛን በርካሽ ይነግርዎታል። 0.14 ቀዳዳ ወደ 0.15 ከሰፋ ስፋቱ በ15 በመቶ ያድጋል። ሽቦው የመግቢያውን ጠርዝ ከሞረደው ደግሞ ከላይ እንዳየነው ሌላ 20 በመቶ ሊጨመርበት ነው። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ይህን ያህል ከጨመረ፣ ሲሊንደሩ በዚያ በኩል ናፍጣ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይመጣል።

የእጅ ፓምፕ ሙከራ የሚያሳየው መርፌው የሚከፈትበትን ግፊትና የርጩን ቅርጽ ነው እንጂ የቀዳዳውን ፍሰት አይደለም። ኮመን ሬል ቤንች (የኢንጀክተር መሞከሪያ ማሽን) ካለዎት ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር 1,000 ርጭት በአንድ ግፊትና በአንድ የመክፈቻ ጊዜ አሳልፈው ይመዝኑ። በ1 ሚሊ ሰከንድ ባለ ስድስት ቀዳዳው 30 ሚሊ ግራም ያህል ይረጫል፤ 1,000ው 30 ግራም ነው። መቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ከበቂ በላይ ነው። ሽቦውን ይተዉት፤ አልትራሶኒክ ማጠቢያ ይጠቀሙ።

ርጩ ላይ እጅ እንዳይደርስ። ቆዳ የበሳ ናፍጣ ከውጭ የመርፌ ወጋታ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ውስጡ ግን ሥጋውን እየገደለ ነው። ሕመሙ ባይኖርም በዚያው ሰዓት ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ አለበት።

ጥያቄ፦ «200 ባር የናይትሮጅን ሲሊንደር በ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢያፈስ በሮሴንትራልፎም (ለሚጨመቅ ጋዝ በተሠራው የኦፕንፎም ሶልቨር) ላሰላ ሞክሬ ስሌቱ ‹ኔጌቲቭ ቴምፕሬቸር› ብሎ ይቆማል። የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ መጋዘን ነው።»

መልስ፦ ጋዝ እንደ ናፍጣ አይደለም፤ ከቀዳዳው ሲወጣ የድምፅን ፍጥነት ይዞ ይታነቃል። የውጭው ግፊት ከውስጡ 0.528 በታች እስከሆነ ድረስ ፍሰቱን የሚወስነው የውስጡ ግፊት ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ሲሊንደሩ እስከ 1.46 ባር ድረስ ታንቆ ይቆያል። የእጅ ስሌቱ በ20 ዲግሪ 36 ግራም በሰከንድ ይሰጣል፤ በ0.85 ኮፊሸንት 31 ግራም። ባለ 50 ሊትሩ ሲሊንደር 11 ኪሎ ያህል ስለሚይዝ፣ መጋዘኑ ምን ያህል አየር ማስገቢያ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ከዚህ መነሳት ይቻላል። መለኪያው ላይ የሚነበበው ከአየሩ በላይ ያለው ግፊት መሆኑንም አይርሱ፤ ሶልቨሩ የሚፈልገው ፍጹሙን ነው።

ስሌትዎ የሚቆመው ከቀዳዳው ውጭ ነው። ጋዙ በከንፈሩ ላይ ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እየተበተነ ሲሄድ በአይዲያል ጋዝ ስሌት ወደ 20 ኬልቪን ይወርዳል። እውነተኛው ናይትሮጅን እዚያ ሳይደርስ መጤዝ ይጀምራል፤ ቀመሩ ግን ስለማያውቀው ትንሽ የቁጥር ስህተት ከዜሮ በታች ይጥለዋል። ዝቅተኛ የሙቀት ገደብ፣ ለምሳሌ 30 ኬልቪን፣ ያስገቡ፤ ኩራንቱን ወደ 0.2 ያውርዱ፤ ቫን ሊር ሊሚተር (የቁጥር መዋዠቅን የሚገታ ዘዴ) ይጠቀሙ። ገደቡ የሚነካው ማክ ዲስክ ከተባለው ድንገተኛ የግፊት ዝላይ በፊት ያለውን ጠባብ ክልል ስለሆነ የሚወጣውን ጋዝ መጠን አይለውጠውም።

የማክ ዲስኩ ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል፦ የቀዳዳው ዲያሜትር ሲባዛ በ0.67፣ ሲባዛ በግፊቶቹ ንጥጥር ስኩዌር ሩት። በአዲስ አበባ 10.8 ሚሊ ሜትር፣ በባሕር ወለል ግን 9.4 ይሆናል። መውጫዎን 5 ሚሊ ሜትር ላይ ካስቀመጡት ዲስኩን ቆርጠውታል፤ ስሌቱም ሊረጋ አይችልም። ቢያንስ 60 ሚሊ ሜትር ይስጡት።

ከናይትሮጅን ወደ 700 ባር ሃይድሮጅን የሚሄድ ካለ አይዲያል ጋዝ አይበቃም። በ15 ዲግሪ በኪዩቢክ ሜትር 59 ኪሎ ይላል፤ እውነቱ 40 ነው። አቤል-ኖብል የሚባለው ቀመር፣ በኪሎ ግራም 0.00769 ኪዩቢክ ሜትር ኮቮልዩም (ሞለኪውሎቹ ራሳቸው የሚይዙት ቦታ) ተሰጥቶት፣ ይህን ያስተካክለዋል።